«ኛ» ምን በደለች?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ይህን አንብበህ ዝም ካልክ እታዘብሃለሁ» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ጽሑፉ ስለ መጽሐፍ ርዕስ ነው። በተለይ «ሁለተኛው»፣ «ሦስተኛው»፣ «ሰባተኛው» የሚል ቃል ስለተሸከሙ ርዕሶች። ጸሐፊው እነዚህን ርዕሶች በጅምላ ነው የረገሟቸው። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ክሳቸው ሲጨመቅ አምስት ይወጣዋል። «-ኛ» ያለበት ርዕስ የገበያ ወጥመድ ነው። ተከታታይ መጽሐፍ እየመሰለ አንባቢን ያሳስታል። «ሰባት» እና «ሰባተኛ» ያው ናቸው፤ «-ኛ»ዋ ለጌጥ የተለጠፈች ናት። ነገሩ ከውጭ የመጣ ፋሽን እንጂ የእኛ አይደለም። በመጨረሻም ተርጓሚዎች «አንደኛ» ማለት ሲገባቸው «የመጀመሪያ» እያሉ ርዕስ ያበላሻሉ።

ከሁለተኛው ክስ ልጀምር። እዚያ ላይ ጥቂት እውነት አላቸውና።

አንድ ቅዳሜ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው ፊት ቆሜ ነበር። የግራሃም ግሪንን «ሦስተኛው ሰው» በእንግሊዝኛ አግኝቼ ዋጋ እከራከራለሁ። አጠገቤ የነበረ ወጣት ሽፋኑን አየና «አንደኛውና ሁለተኛውስ የሉም?» አለ። ሻጩ ምንም ሳይመስለው «አልቀዋል፤ ሳምንት ብቅ በል» አለው። ልጁም «እሺ» ብሎ ሄደ። እስካሁን እየተመላለሰ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ስለዚህ አዎ፣ ያሳስታል። ግን የልጁን ጥያቄ ልብ በሉልኝ። መጽሐፉን ሳይገልጠው የመጽሐፉን ጥያቄ ነው የጠየቀው። ታሪኩ የሚሆነው ቪየና ውስጥ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት፣ አራት መንግሥታት ከተማዋን ተከፋፍለው በያዙበት ጊዜ። አንድ ደራሲ ጓደኛው ሃሪ ላይም ጠርቶት ይመጣል። ሲደርስ ጓደኛው በመኪና ተገጭቶ ሞቷል ይሉታል። ሬሳውን ከመንገድ ያነሱት ሁለት ሰዎች ናቸው ይባላል። አንድ ምስክር ግን «ሦስት ነበሩ» ይላል። ሁለቱ ይታወቃሉ። ስም አላቸው፣ ቤታቸው ይታወቃል። ሦስተኛውስ? መልሱን አልነግራችሁም። ግሪን ይህን የጻፈው ለፊልም መነሻ እንዲሆን ነበር፤ ፊልሙ በ1949 ወጣ፣ መጽሐፉ በ1950 ተከተለ። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።) «ሦስት ሰዎች» ብሎት ቢሆን ኖሮ ገና ከሽፋኑ ምስጢሩን አውጥቶት ነበር።

በዚሁ ክስ ሥር ጸሐፊው የሼክስፒርን «አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» ያነሳሉ። «ተውኔቱ ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ ሌሊት ጉዳይ የለም፤ ታዲያ ይህ ማታለል ካልሆነ ምንድን ነው?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ታሪኩ ውስጥ የለም። ግን እኮ ርዕሱ የበዓል ስም ነው! የገናን ሌሊት አንድ ብለው ሲቆጥሩ አሥራ ሁለተኛው የኤጲፋንያ፣ የእኛው ጥምቀት፣ ዋዜማ ላይ ይወድቃል። እስቲ በእኛ አቆጣጠር ይሞክሩት። ታኅሣሥ 29ን አንድ ይበሉ። ታኅሣሥ 30 ሁለት። ከዚያ ጥር 1 ሦስት እያሉ ይቀጥሉ። አሥራ ሁለተኛው ጥር 10 ነው። ከተራ! ታቦታቱ ወጥተው ውኃ ዳር የሚያድሩበት ሌሊት። እንግሊዞቹ ዘንድ በዚያ ሌሊት አገሩ ይፈነጥዝ፣ ሎሌ ጌታ መስሎ ይቀልድ ነበር። ተውኔቱም ይኸው ነው፤ ሴቷ ወንድ መስላ ትገባለች፣ የቤት አዛዡ እመቤቲቱን አግብቶ ጌታ ሊሆን ያልማል። አንድ ሰው «የከተራ ማታ» የሚል ልብ ወለድ ቢጽፍና ውስጡ ታቦት ባይኖር፣ ርዕሱ አታለለኝ የምንል አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዋናው። «ሰባት እና ሰባተኛ ያው ናቸው» ወደሚለው።

ጸሐፊው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው ያውቃሉ ብዬ እገምታለሁ። ሚኒባስ ይመጣል፣ ረዳቱ ብቅ ብሎ «ስድስት ሰው ብቻ!» ይላል። ሰልፉ ላይ ሰባት ሰው አለ። ሰባት ሰው መኖሩ ማንንም አያሳዝንም፤ ብዛት ነው። ሰባተኛው ሰው ግን አለ። ስድስተኛው ጀርባ ላይ በሩ ሲዘጋ የሚያየው እሱ ነው። «ሰባት» ሲባል ሰልፉን እናያለን። «ሰባተኛው» ሲባል ግን አንድ ሰው ነው የምናየው፣ ከፊቱ ያሉትን ስድስቱንም አስከትሎ።

ሁለቱ ያው እንዳልሆኑ የሚያስረዳኝን ምሳሌ ራሳቸው አቀብለውኛል። «ሰባተኛው መስቀል ለምን ሰባቱ መስቀሎች አልተባለም?» ብለው ይጠይቃሉ። መጽሐፉ የጀርመናዊቷ አና ዜገርስ ነው። ከናዚ ሸሽታ ሜክሲኮ በስደት ሳለች በ1942 ታተመ። ሰባት እስረኞች ከማጎሪያ ካምፕ ያመልጣሉ። የካምፑ አዛዥ ይናደድና ግቢው ውስጥ ያሉትን ሰባት ዛፎች አናታቸውን አስቆርጦ አግዳሚ እንጨት ያስቸነክርባቸዋል። ለእያንዳንዱ አምላጭ አንድ መስቀል። ስድስቱ አንዳንዱ እየተያዘ፣ አንዳንዱ እየሞተ ያልቃሉ። የጌዮርግ ሃይስለር መስቀል፣ ሰባተኛው፣ ባዶውን ይቀራል። በቃ ይኸው ነው። ባዶ የቆመ እንጨት። ግን አገሩን ሁሉ እጁ አስገብቻለሁ የሚል መንግሥት አንድ ሰው አምልጦታል ማለት ነው፤ እስረኞቹም ይህን ያውቃሉ።

«ሰባቱ መስቀሎች» ብትሉት መጽሐፉ የአዛዡ ይሆናል። ሰባት ያስቸነከረው እሱ ነው። «ሰባተኛው መስቀል» ሲባል ግን መጽሐፉ የአምላጩ ነው። ይህን ልዩነት ጌጥ የሚል ሰው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ አይመስለኝም።

እንዲያውም አንዳንዱ ርዕስ ያለ «-ኛ» ጨርሶ አይቆምም። የሩማንያዊው ቪርጂል ጌዮርጊዩ «ሃያ አምስተኛው ሰዓት» በ1949 ወጣ። ቀን ሃያ አራት ሰዓት ነው። ሃያ አምስተኛው ከመጨረሻው ሰዓት በኋላ የሚመጣ፣ ማዳን የሚባል ነገር ያለፈበት ሰዓት ነው። «ሃያ አምስት ሰዓት» በሉት እስቲ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ይመስላል። የዳያን ሴተርፊልድ «አሥራ ሦስተኛው ተረት»ም (2006) እንዲሁ ነው። በታሪኩ ውስጥ አሥራ ሦስት ተረት ይዣለሁ የሚል መጽሐፍ አለ፤ ሲገለጥ አሥራ ሁለት ብቻ ነው። አንባቢ ሁሉ የጎደለችዋን ይፈልጋል። በነገራችን ላይ ጸሐፊው «አሥራ ሦስተኛ» የሚለውን ፈረንጆች ቁጥሩን ስለሚፈሩት ለማስደንገጫ ይጠቀሙበታል ብለዋል። ሊሆን ይችላል። እኛ ግን አሥራ ሦስተኛ ወር ይዘን የምንኖር ሰዎች ነን፤ ጳጉሜን ዝናብ ሊያስታውሰን ይችላል እንጂ አያስደነግጠንም።

የዶሪስ ሌሲንግ «አምስተኛው ልጅ» (1988) ላይ ብዙ አልቆይም። አራት ልጆች፣ ሙሉ ቤት፣ ደስታ። አምስተኛው መጣ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ያ ቤት አልነበረም።

ሲሞን ደ ቦቯር ላይ ግን ትንሽ እቆያለሁ። «ሁለተኛው ጾታ» በ1949 በፈረንሳይኛ ታተመ። ጸሐፊው ይህን ርዕስ «ሴትን ዝቅ የሚያደርግ» ብለውታል። እንዲህ ዓይነት ንባብ ሲያጋጥመኝ ሻይ እጠጣና ነው የምመለስበት። መጽሐፉ የሚለው እኮ ሌላ ነው። ሰው ሲባል ወንድ ተደርጎ ተወሰደ፣ ሴት ከእሱ አንጻር የምትለካ «ሌላ» ተደረገች ነው የምትለው። በርዕሱ ያለው «ሁለተኛው» የደራሲዋ ምደባ አይደለም። የከሰሰችውን ዓለም ምደባ ነው ሽፋን ላይ የለጠፈችው። ቆጣሪው ማን ነው? አንድ ብሎ የጀመረው ከማን ነው? አማርኛም «ሁለተኛ ዜጋ» ሲል ይህንኑ ያውቃል። «ሁለት ዜጋ» ሲባል ማንም ቅር አይለውም።

ወደ አራተኛው ክስ ልሻገር። «የውጭ ፋሽን ነው።»

ይህን ያነበብኩት ረቡዕ ዕለት ነው። ረቡዕ ማለት አራተኛ ማለት ነው። በማግሥቱ ሐሙስ ነበር፣ አምስተኛው። ሰኞ ከግዕዙ ሰኑይ የመጣ ነው፣ ሁለተኛው ቀን። የሳምንታችን ግማሹ «-ኛ» ነው፤ በግዕዝ ስለተጻፈ ብቻ አላየናትም። ፊደል የቆጠረ ሕፃንም ከካዕብ እስከ ሳብዕ ሲወርድ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ እያለ ነው የሚወርደው።

ስለ መጽሐፍ ርዕስ ነው የምናወራው ካሉም እሺ። መጽሐፍ ቅዱስን ይግለጡ። መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ፣ መጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ። መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ፣ ካልዕ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው 81 መጻሕፍት ውስጥ መቃብያን ቀዳማዊ፣ ካልዕ እና ሣልስ አሉ፤ ግሪኮቹ መቃብያን ከሚሏቸው መጻሕፍት በይዘት የተለዩ፣ የራሳችን። ነገሥት ላይ ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። በሰብዓ ሊቃናት ትርጉምና በግዕዙ ልማድ ሁለቱ የሳሙኤል መጻሕፍትም ነገሥት ተብለው ስለሚቆጠሩ ነገሥት አራት ነው። አንዱ ሊቅ ሣልስ የሚለውን ሌላው ቀዳማዊ ይለዋል። መጽሐፉ ያው ነው፣ ቃሉ ያው ነው፣ የተለወጠው የቆመበት ወንበር ነው። እና ይህ ባህል ነው እንግዲህ የ«-ኛ» ርዕስ አያውቅም የተባለው።

ቤተ መንግሥቱስ? የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ መጽሐፍ «ታሪክ ዘመን ዘዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ይባላል። «ዳግማዊ» የምትለዋን አውጡና እዩት። ታሪኩ ይኖራል፣ ክርክሩ ይጠፋል። «ሁለተኛው ምኒልክ» የሚል ሁሉ የመጀመሪያውን፣ የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ልጅ፣ በተዘዋዋሪ አመነ ማለት ነው። አንድ ቃል የሦስት ሺህ ዓመት የዘር ሐረግ ጎትታ መጣች። ከዚህ የበለጠ ብልህ የ«-ኛ» አጠቃቀም በየትኛውም የፈረንጅ ሽፋን ላይ አላየሁም።

ተራው ሰውም ቢሆን አያርፍም። ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ፣ ልጅ አባቱን ሲሳደብ፣ ሽማግሌዎች «ስምንተኛው ሺህ!» ይላሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 5500 ዓመት ብለን ስለምንቆጥር፣ ሰባቱ ሺህ የሞላው በእኛ በ1500 ዓ.ም. ነው። ስምንተኛው ሺህ ከዚያ ይጀምራል፤ በልብነ ድንግል ዘመን መባቻ አካባቢ መሆኑ ነው። ከ500 ዓመት በላይ ውስጡ ተቀምጠን ዛሬም «መጣ» እያልን እንደነግጣለን። «ስምንት ሺህ» ብትሉ ግን ሰው የሚያስበው ብር ነው።

ስብሐት ገብረእግዚአብሔርን ደግሞ ማለፍ አይቻልም። «ሰባተኛው መላክ» የሚል መጽሐፍ አለው። «አምስት ስድስት ሰባት» የሚልም አለው። ሁለቱን ርዕሶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። አንዱ ልጅ መንገድ ላይ እየዘለለ የሚቆጥረው ይመስላል። ሌላው የዮሐንስ ራእይን፣ ሰባቱን መለከትና የመጨረሻውን ነፊ ያስታውሳል። አንድ ደራሲ ሁለቱንም ዓይነት ቁጥር ተጠቅሟል። ልዩነት ባይኖር ኖሮ ምን አለፋው?

እርግጥ ከውጭ የመጣም አለ። «አምስተኛ ረድፈኛ»፣ ማለትም የውስጥ ጠላት፣ የስፔን ስደተኛ ነው። በ1936፣ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት፣ የዐማፅያኑ ጄኔራል ሞላ በአራት ረድፍ ወደ ማድሪድ እየገሰገሰ ሳለ «አምስተኛው ከተማው ውስጥ ነው» አለ ይባላል። አሜሪካዊው ደራሲ ሄሚንግዌይ እዚያው ማድሪድ፣ የቦምብ ጩኸት እየሰማ፣ በ1937 ተውኔት ጻፈበት፤ በዓመቱ «አምስተኛው ረድፍ» ተብሎ ታተመ። እኛ ጋ ሲደርስ በደርግ ዘመን ሰው የሚያስበላ ቃል ሆነ። ስንቱ «አምስተኛ ረድፈኛ» ሲባል ከፊቱ ያሉት አራቱ ረድፎች የት እንዳሉ የጠየቀ አልነበረም። ቃሉ የውጭ ነው። ለመኖር ግን የእኛን «-ኛ» ሁለት ጊዜ ተከናነበ፤ አንዴ ከአምስት ላይ፣ አንዴ ከረድፍ ላይ። ይህች «-ኛ» እኮ «ፈረሰኛ»ን እና «ነገረኛ»ን የሠራችው ናት። ቁጥር ላይ ስትቀመጥም ቁጥሩን ሰው ታስመስለዋለች።

አምስተኛው ክስ ትርጉም ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው በጣም እርግጠኛ ናቸው። «ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እስካልን ድረስ አንደኛ ማለት ግዴታ ነው» ይላሉ። የኢቫን ቱርጌኔቭን የ1860 አጭር ልብ ወለድም «አንደኛ ፍቅር» ብለው አስተካክለውታል።

እስቲ ማንኛውንም የሰፈር ልጅ «አንደኛ ፍቅር ይዞኛል» በሉት። «እንኳን ደስ አለህ!» ነው የሚላችሁ። አማርኛ ውስጥ «አንደኛ» ምርጥ ማለት ነው። አንደኛ ሽሮ፣ አንደኛ ጓደኛ። የቱርጌኔቭ ልጅ ፍቅር ግን አንደኛ አይደለም፤ መራራ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ የሚወዳት ልጅ የምትወደው አባቱን ነው። «የመጀመሪያ ፍቅር» ነው እንጂ እንዴት አንደኛ ይሆናል? የአልበር ካሙም እንደዚያው። በ1960 በመኪና አደጋ ሲሞት አብሮት የተገኘው፣ በ1994 የታተመው ያላለቀ መጽሐፉ «የመጀመሪያው ሰው» ነው። አዳምን ያስታውሳል። «አንደኛው ሰው» ካላችሁት ከሁለት ሰዎች አንዱ ይሆናል፤ «አንደኛው ሰው ቀረ፣ ሌላው መጣ» እንደምንለው።

ግን ላግዛቸው። «አንደኛ» የሚያስፈልግበት ርዕስም አለ። የሩስያዊው ሶልዠኒትሲን መጽሐፍ በ1968 ወጣ፤ በስታሊን ዘመን ለመንግሥት ምርምር የሚሠሩ እስረኛ መሐንዲሶች ታሪክ ነው። ምግቡ ይሻላል፣ አልጋ አለ፣ እስር ቤት ግን ነው። ርዕሱ ከጣሊያናዊው ገጣሚ ከዳንቴ «ሲኦል» የተወሰደ ነው። ዳንቴ ሲኦልን ዘጠኝ ክበብ ያደርገዋል፤ በአንደኛው ያሉት ጠቢባን ናቸው፣ ስቃያቸውም ቀላል። እዚህ «አንደኛው ክበብ» ማለት ነው የሚሻለው። ደረጃ ነው የሚናገረው። «አንደኛ»ም ምርጥ ማለት መሆኑ አማርኛውን ከእንግሊዝኛው የበለጠ መራራ ያደርገዋል። ከሲኦል ምርጡ ክፍል!

ደግሞ «ሁለተኛ» ላይ ይጠንቀቁ። «ሁለተኛ እንዳላይህ» ስትል እናቴ የሁለተኛ ዙር ቀጠሮ እየሰጠችኝ አልነበረም።

የገበያውን ክስ እስከ አሁን አቆየሁት፤ አጭር ስለሆነ። እውነት ነው፣ አለ። ስቲቨን ኮቪ በ1989 ውጤታማ ሰዎች ሰባት ልማድ አላቸው ብሎ ጨረሰ። በ2004 «ስምንተኛው ልማድ» ብሎ ተመለሰ። ሰባቱን ገዝቶ ሕይወቱን ያስተካከለ ሰው ምን ይበል? ፒተር ሴንጌ ይሻላል። «አምስተኛው ዲሲፕሊን» (1990) አምስቱንም እዚያው ይሰጣችኋል፤ አምስተኛው አራቱን የሚያስተሳስር፣ ነገርን በጥቅሉ የማየት ዘዴ ስለሆነ ርዕሱን ያዘ። ይገባዋል። በዚህ ክስ ግማሽ ለግማሽ ተለያይተናል።

አንድ ነገር ቀረኝ። የጸሐፊው ጽሑፍ ከታች በኩል «ክፍል አንድ» ብሎ ይዘጋል። መጀመሪያ ሳየው «በደንባቸው መሠረት አንደኛ ክፍል ማለት አልነበረባቸውም?» አልኩ። ከዚያ ልጄ በሩን ከፍታ ገባች፣ ቦርሳዋን ወረወረች። አንደኛ ክፍል ናት። ጸሐፊው ለምን እንዳላሉት ገባኝ። ክፍል ሁለትን እየጠበቅሁ ነው።